«ራይት» ያልኩበት ቀን

እንግሊዝኛ ማስተማር በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት አንዲት ሴት ልታወር ምንም አልቀራትም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ማንንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ እንደ ሆነው ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት ሲሬ ነው። አያቶቼ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ቤታችን በአማርኛ ያድራል፣ ደጃችን በኦሮምኛ ይውላል። ነቀምቴ ከተቀጠርኩ በኋላ ሰፈሩ «እንግሊዝኛ የምትችለዋ ቲቸር» ብሎ ስም አወጣልኝ። የመድኃኒት ወረቀት የሚያስነብበኝ፣ ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ የሚያስተረጉመኝ፣ ስልኩ እንግሊዝኛ ብቻ ሆኖበት የሚመጣ ሰው አይጠፋም። «አላውቅም» የሚባል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ያልገባኝን ከፊቱና ከኋላው ገምቼ እሞላዋለሁ። ሰዎቹ አመስግነው ይሄዳሉ፤ እኔም ደስ ይለኛል። ግምቴ ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ ማን ያውቃል? ተመልሶ የጠየቀኝ የለም።

በዚያ ዓመት ከውጭ አገር የዓይን ሐኪሞች ቡድን መጣ። ያረፉበትን ሆስፒታል ስም ባልጠራው ይሻላል። ሐኪሞቹ ኦሮምኛም አማርኛም ስለማይችሉ አስተርጓሚ ሲፈለግ ስሜ ተነሣ። ትምህርት ቤቱ ለሳምንት ፈቀደልኝ። ስሜ የተጻፈበት ካርድ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ። ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ አልፌ ስገባ፣ ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ሲያሳልፈኝ የተሰማኝን ኩራት መደበቅ አልችልም።

ዋናው ሐኪም ረጅም፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ንግግሩ እንደ ዝናብ የሚወርድ ሰው ነው። ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ቃል አለችው፤ «ራይት» ይላል። ወደ ክፍሉ ሲገባ «ራይት» ይላል፤ «እሺ እንጀምር» ማለቱ ነው። የተናገርኩት ሲገባው «ራይት» ይላል። አንድ ነገር ቶሎ ሲፈልግ «ራይት ናው» ይላል፤ አሁኑኑ ማለቱ ነው። በሽተኛው ሕክምናውን አልፈልግም ሲለው ደግሞ «ራይቱ ነው» ይላል፤ መብቱ ነው ማለቱ ነው። ቀኝ ዓይንንም በእሷው ይጠራታል። እኔ እነዚህን ሁሉ እየለየሁ መተርጎሜ አስደሰተኝ። በሁለተኛው ቀን ቃሏ ወደ እኔ አፍ ተሻገረች። «የስ» ማለት የጀማሪ መሰለኝና ተውኩት። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ እኔም እንደ እሱ ቆረጥ አድርጌ «ራይት» እላለሁ፤ ልክ ነህ ለማለት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዴ ጫልቱ ገቡ።

ከቢላ የመጡ፣ ወደ ስድሳው የሚጠጉ ሴት ናቸው። በኦሮምኛ «አዴ» የምንለው እንደ አማርኛው «ወይዘሮ» ነው። በቢላ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሁለቱም ዓይኖቻቸው ብሌን ደፍርሷል፤ እንደ እኔ ላለ ሰው አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም። ባለቤታቸው ይዘዋቸው ቢመጡም አስታማሚ አይገባም ስለተባለ ከግቢው ውጭ ቀርተዋል። እጃቸውን ይዤ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ኢንተለ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው፤ «ድምፅሽ ያገሬ ነው። የማን ልጅ ነሽ?»

«የሲሬ ልጅ ነኝ።»

«እንግዲያው ጎረቤት ነን። ንገሪልኝ ለሰውዬው። ይሄኛው እንቅልፍ ከነሳኝ ሁለት ክረምት ሆነው።» ጣታቸውን የግራ ዓይናቸው ሥር አሳረፉ። «ያኛው ጨለመብኝ እንጂ አያመኝም። በር ሲከፈት አውቃለሁ። ፀሐይ ስትወጣ አውቃለሁ።»

ተረጎምኩ። ሐኪሙ በመብራት አንዱንም ሌላውንም ለረጅም ጊዜ መረመረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አስረዳኝ። የግራው ዓይን ውስጡ ያለው ግፊት ጨርሶ ገድሎታል፤ ብርሃን የሚባል አያይም፣ ሕመሙም ስለማይተዋቸው መውጣት አለበት። የቀኙ ግን ሞራ ነው የጋረደው። የግራው ቁስል ሲድን፣ በሚቀጥለው ዙር ሞራው ተገፎ ማየት ይችላሉ። ነገ ጠዋት የሞተው ዓይን ይወጣል፤ የሚሠራው የቡድኑ ሌላ ሐኪም ነው።

ይህን ለአዴ ጫልቱ ነገርኳቸው።

«አውጥተው ሲጨርሱ ሕመሙ ይተወኛል?»

«ይተውዎታል ይላል።»

«እንግዲያው ያውጡት። ለቅሶ አይቀመጡለትም መቼም።» ፈገግ አሉ። «ያኛውን ግን አደራ።»

«አደራ» ያሉትን አልተረጎምኩትም። ለሐኪም የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

ሐኪሙ ተነሥቶ እጁን ለመታጠብ ጀርባውን ሰጠን። ቅጽ የምትሞላው የቡድኑ ወጣት ሴት ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራለች። ሐኪሙ ከውኃው ድምፅ በላይ፣ ሳይዞር፣ «ሌፍት?» አለ። ግራው ነው አይደል ማለቱ ነው።

እኔም ፈጥኜ «ራይት» አልኩ።

የልጅቷ እስክሪብቶ አንዲት ፊደል ጻፈች። አየኋት። ቀጣዩ በሽተኛ ተጠራ።

ለቅዳሜ ከሐኪሞቹ ፈቃድ ወስጄ ነበር። የወንድሜ ልጅ ክርስትና ሲሬ ላይ ነው፤ እናቴም ከወር በፊት ጀምራ «እንዳትቀሪ» ስትለኝ ከርማለች። አንድ ሰዓት ላይ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሳላርም የቆየሁት የአሥረኛ ክፍል ፈተና ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበር መንገዱን ልጠቀምበት ብዬ ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ አንዲት ቃል ብዙ ትርጉም ነው። አምስት ዓረፍተ ነገር ሰጥቼ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ «ራይት» ምን ማለት እንደሆነች በሚያውቁት ቋንቋ እንዲጽፉ አዝዣለሁ። አንዲት ተማሪ ለአምስቱም «ሚርጋ» ብላ መልሳለች። በኦሮምኛ ሚርጋ ቀኝ እጅም ነው፣ መብትም ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን አግኝታቸዋለች። ሌሎቹን እየሰረዝኩ አምስተኛው ላይ ደረስኩ። እሱን ያወጣሁት ሆን ብዬ ላሳስታቸው ነው። አንዱ ሰው ቤትህ በግራ በኩል ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሌላው «ራይት» ብሎ ይመልሳል። ልጅቷ እዚህም «ሚርጋ» ብላለች፤ ቀኝ ማለቷ ነው። ኤክስ ላደርግባት እስክሪብቶዬን አሳረፍኩ።

እጄ እዚያው ቀረ።

መጀመሪያ የታየኝ የተማሪዋ መልስ ሳይሆን ትናንት ቅጹን የሞላችው ጸሐፊ እስክሪብቶ ነው። አንዲት ፊደል ነው የጻፈችው። የቷን? አቀርቅራ ነበር። የሐኪሙን ጥያቄ ሰምታለች ወይስ የእኔን መልስ ብቻ? ውኃው እየፈሰሰ ነው። አይ፣ ሰምታለች አልኩ ለራሴ። ሐኪሙስ ራሱ ያውቀው የለም እንዴ? ግን ዛሬ የሚሠራው እሱ አይደለም። የሚሠራው ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ነው። ሁለቱም ዓይኖች ደግሞ ከላይ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው።

ስልኬን አውጥቼ ሲስተር መሠረት ጋ ደወልኩ። የዎርዱ ኃላፊ ነርስ እሷ ናት። ስልኳ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ሌላ ቁጥር የለኝም። ሰዓቱን አየሁ፤ ሁለት ከሩብ ሆኗል። ቀዶ ጥገና የሚጀመረው ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

«ወራጅ አለ፣» አልኩ።

ረዳቱ ዞሮ አየኝ። «ሲሬ እኮ ደርሰናል፣ አሥር ደቂቃ አይቀረንም። እዚህ ምን አለሽ?»

«አውርደኝ።»

ወረድኩ። በሁለቱም በኩል የበቆሎ ማሳ ነው። ወደ ነቀምቴ የሚሄድ መኪና እጠብቃለሁ፤ የሚያልፈው ሁሉ ግን ወደ ሲሬ ነው። መቆም አቃተኝና በእግሬ ወደ ነቀምቴ መራመድ ጀመርኩ፤ እንደማልደርስ እያወቅሁ። እየሄድኩ እደውላለሁ። እናቴ ደወለች፤ ዘጋሁባት። አንድ ሞልቶ የመጣ ሚኒባስ እጄን አይቶ አለፈኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድኩ በቆሎ የጫነ አይሱዙ አጠገቤ ቆመ።

ሾፌሩ ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ «ኦቦ» እንደ አማርኛው «አቶ» ነው፤ ኡኬ የሚኖሩ፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው ሰው። ጋቢናው ውስጥ ብቻቸውን ናቸው።

«በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ነቀምቴ። ሆስፒታል። እባክዎ ቶሎ።»

«ማን ታሞብሽ ነው?»

«ማንም አልታመመብኝም። አንዲት ሴት ደህናውን ዓይኗን ሊያወጡባት ነው። በእኔ ምክንያት።»

ነዳጁን ጠበቅ አድርገው ረገጡ። ከዚያ «ምን አድርገሽ?» አሉ።

ነገርኳቸው። ስነግራቸው ከራሴ አፍ ሲወጣ ነገሩ ይበልጥ ሞኝነት መሰለኝ። ልክ ነው ማለት ስፈልግ ቀኝ ነው ብያለሁ።

«ይቺ ቃል ሁለቱንም ማለት ናት?»

«ሁለቱንም ማለት ናት። ሌላም ናት።»

«እንዴት ያለ ቋንቋ ነው?» አሉና ማርሽ ቀየሩ። «ጭነቱ ከባድ ነው፣ ባርሲስቱ፤ አቀበቱ ላይ አይበርልኝም። የቻልኩትን ያህል ግን እሄዳለሁ።» ባርሲስቱ አስተማሪ ማለት ነው። ያን ዕለት ማዕረጉ እንደ እሾህ ወጋኝ።

አቀበቱ ላይ መኪናው እንደ አሮጌ በሬ አቃሰተ። በእግሬ ብሮጥ የምቀድመው መሰለኝ። ከነቀምቴ መግቢያ በፊት ደግሞ ኬላ አለ፤ የተሰለፈው መኪና ብዙ ነው። ሁሉም ወርዶ መታወቂያ ያሳያል፤ የጭነት መኪና ሸራው ይገለጣል። ሦስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ኦቦ ገመቹ እኔን አዩኝ።

«አንቺ ሂጂ፣ ለእኔ አትጠብቂ። ከኬላው ወዲያ ባጃጅ አታጪም።»

«የትራንስፖርት...»

«ውረጂ አልኩሽ፣ ልጄ። ለሴትየዋ ድረሺላት።»

በሰልፉ ጎን ሮጥኩ። ፈታሹ አስቆመኝ። አንገቴ ላይ ያለውን የሆስፒታል ካርድ አነሣሁለት፤ ጠዋት በልማድ አጥልቄው ከቤት ወጥቼ ነው። «ኦፕሬሽን አለ፣» አልኩት። ሐኪም መስዬው ነው መሰለኝ አሳለፈኝ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ደጋግሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ማደንዘዣ ለመስጠት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ሲስተር መሠረትን የዎርዱ ኮሪደር ላይ አገኘኋት።

«ቲቸር፣ ክርስትና አልነበረብሽም?»

«አዴ ጫልቱ የት ናቸው? ከቢላ የመጡት ሴትዮ።»

«ገብታለች። ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች።»

«ወረቀቱ ላይ የትኛው ዓይን ነው ያለው?»

ሲስተር መሠረት ነገሩ ሳይገባት የቀኑን ዝርዝር ከጠረጴዛ አነሣች። በጣቷ ፈለገች። «ቀኝ ይላል።»

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሮጥን አላስታውስም። የማስታውሰው የቀዶ ጥገናው ክፍል መግቢያ ላይ ያለችውን ጠባብ አግዳሚ ወንበር ነው። አዴ ጫልቱ አረንጓዴ ጋውን ለብሰው፣ ፀጉራቸው ተሸፍኖ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው በቀኝ ዓይናቸው ላይ ጭነዋል። የግራው ዓይናቸው ደግሞ ያው ነው፤ የደፈረሰ፣ ያልተነካ። አጠገባቸው ከአዲስ አበባ ከቡድኑ ጋር የመጣች ነርስ ቆማለች።

«አልተሠራም?» አልኳት።

«እንዴት ይሠራ? እጇን አላነሣም አለች፣» አለች ነርሷ ድካም ባለበት ድምፅ። «አልጋው ላይ አስተኝተን ቀኙ ላይ ፕላስተር ስንለጥፍ እጇን ጫነችበት። ብንለምናት፣ ብናባብላት አታነሣም። ፈርታ ነው ብለን አውጥተን አስቀመጥናት። ሐኪሙ አልፈልግም ማለት መብቷ ነው ብሎ ቀጣዩን አስገባ። አስተርጓሚ ብንፈልግ ሁሉም ግቢው ውስጥ ምርመራ ላይ ነው። ቅባት ስትለኝ ቅባት አደረግሁላት፣ እሱንም ጠረገችው።»

«ቅባት አሉሽ?»

«ደጋግማ ቀባ፣ ቀባ ትላለች እኮ።»

አዴ ጫልቱ ድምፄን አውቀው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ኢንተለ ኮ፣ መጣሽ? ንገሪያቸው። ኢፋ ቀባ። ይሄ ኢፋ ቀባ።»

ኢፋ ብርሃን ነው። በኦሮምኛ ቀባ ማለት አለው ማለት ነው። ይሄ ብርሃን አለው ነው የሚሉት። ነርሷ የሰማችው የአማርኛውን «ቀባ» ነው። በዚያች አግዳሚ ላይ ለሃያ ደቂቃ ያህል ብርሃን አለው እያሉ ሲለምኑ ቅባት ሲቀቡ ቆይተዋል።

እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩና እጃቸውን ያዝኩ። «አውቃለሁ፣ አዴ ጫልቱ። ማንም አይነካውም።»

«እጄን ላንሣው?»

«ያንሡት።»

ወዲያው አላነሡትም። ትንሽ ቆይተው፣ ጣት በጣት አነሡት። መዳፋቸው በላብ ርሷል።

ሲስተር መሠረት ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ቀስ ብላ፣ ለእኔው አዝና ነው የተናገረችው። «ስሚ ቲቸር። ምንም አልደረሰም። ለሐኪሙ ሴትየዋ ትናንት ቀኜን ብላ ዛሬ ግራዬን አለች በይው። ሽማግሌ ሰው ይሳሳታል። ቅጹ ይስተካከላል፣ ነገሩም ያልቃል። አለበለዚያ አንቺንም ያቺንም ጸሐፊ ያባርሯችኋል።»

ልክ እሷ እንዳለችኝ ለማድረግ ምን ያህል ተቃርቤ እንደነበር አልደብቃችሁም። ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ እዚያው ቆሜ አዘጋጅቼዋለሁ፤ አሳማኝ ነበር፣ ሰዋስዉም የተስተካከለ። አዴ ጫልቱ ደግሞ አይሰሙትም። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ ብቅ ሲል አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ አዴ ጫልቱ ለነርሷ «አትቆጪኝ፣ ፈርቼ አይደለም» እያሉ በኦሮምኛ ያስረዳሉ፤ ነርሷም ሳይገባት «እሺ፣ እሺ» ትላለች። ያቀናበርኩት ዓረፍተ ነገር ተበተነብኝ።

ትናንት የመረመራቸውን ዋናውን ሐኪም አስጠርቼ ለሁለቱም ነገርኳቸው። የጠየቅኸኝ ግራ ነው ወይ ብለህ ነው፤ ልክ ነው ለማለት «ራይት» አልኩህ፤ ቀኝ ተብሎ ተጻፈ፤ ስህተቱ የእኔ ነው። እንግሊዝኛዬ ያን ዕለት ከተማሪዎቼ የባሰ ነበር።

ዋናው ሐኪም ቅጹን ተቀብሎ አነበበው። አልጮኸብኝም። «እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የጠየቅሁሽ፣» አለ። «ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም።» ከዚያ ያላሰብኩትን ጥያቄ ጠየቀኝ። «ከማክሰኞ ጀምሮ ለስንት ሰው እንደዚህ መልሰሻል?»

አላውቅም አልኩ። በእንግሊዝኛ ይህን ስል የመጀመሪያዬ ነበር።

እኔ ያስተረጎምኳቸው ቅጾች ሁሉ ወጡ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከአልጋ ወደ አልጋ፣ በግቢው ዛፍ ሥር ካሉት ወደ በሩ ውጭ ወደሚጠብቁት እየዞርኩ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ «የቱ ነበር ያስቸገረዎት? በጣትዎ ያሳዩኝ።» ከቅጹ ጋር ሲገጥም ወደ ቀጣዩ እሮጣለሁ። የተሠራላቸውም አሉ፣ ገና ያልተሠራላቸውም። አንዲት እናት «ትናንት ጠይቀሽኝ አልነበር፣ ልጄ? ምን ሆነሻል?» አሉኝ። እንደገና በጣታቸው እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው።

አሥር ሰዓት ገደማ አንዱ አልገጠመም። ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ ገበሬ ሐሙስ ዕለት ሞራቸው ተገፏል። ጣታቸው ግራውን አሳየኝ። የታሰረው ግን ቀኙ ነው።

አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና የሆነውን ነገርኳቸው። ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ነበረበት፤ ግራው የባሰ ስለነበር እሱ ይቅደም ተብሎ ነበር። የተሠራው የተሻለው ሆነ። እስኪቆጡኝ ጠበቅሁ። ኦቦ ዲንሳ ፋሻ ያልነካውን ፊታቸውን አሻሹ።

«እንግዲህ ግራው የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል ማለት ነው።»

«አዎ።»

«በዚህኛው አያለሁ?»

«ነገ ሲፈታ ያያሉ።»

«ለዘር ይደርስልኛል።» ከዚያም፣ «መጥተሽ ባትነግሪኝ ኖሮ የረሳሁት እኔ ነኝ እል ነበር፣» አሉ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። አደረግሁ አላሉም፤ አላደርግም አላሉም። እጄን ነካ አድርገው ጋደም አሉ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

የአዴ ጫልቱ የግራ ዓይን ያን ዕለት ወደ ማታ ወጣ። ከመግባታቸው በፊት በራሳቸው ጣት የግራ ግንባራቸውን እንዲነኩ አደረግሁና ሐኪሙ በዚያው ቦታ በቀለም ምልክት አደረገ። ምልክቱ ሲደረግ ቆሜ አየሁ። ክርስትናው ቀረብኝ። እናቴ ለሦስት ሳምንት አኮረፈችኝ። ከሥራው ግን አላባረሩኝም። እሑድ ጠዋት ዋናው ሐኪም ሁላችንንም አስተርጓሚዎች ሰብስቦ ከዛሬ ጀምሮ ያቺ ቃል ለቀኝ ካልሆነ በቀር በክፍሉ ውስጥ እንዳትሰማ አለ። ራሱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ረስቶ ተናገራት፤ ሁለቱንም ጊዜ ነርሶቹ ሳል አሉበት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መካከላችሁ ለሰው የምታስተረጉሙ ትኖራላችሁ። ለእናታችሁ የባንክ መልእክት፣ ለጎረቤት የሐኪም ወረቀት፣ ፍርድ ቤት፣ ቀበሌ። እኔ ያን ጊዜ ቋንቋ ማወቅ ማለት ፈጥኖ መመለስ ይመስለኝ ነበር። ለተማሪዎቼ የአንዲትን ቃል አምስት ትርጉም አስተምሬ፣ አምስቱንም ፈትኜ፣ በቀይ አርሜያለሁ። ሰው ፊት ስደርስ ግን አምስቱም ጠፉኝ፤ ምክንያቱም የማስበው ስለ ቃሏም ስለ ሴትየዋም አልነበረም፤ ስለ ራሴ ነበር። አሁን ሰዎች ወረቀት ሲያመጡልኝ ያልገባኝን አልገባኝም እላለሁ። አንዳንዶቹ ቅር ብሏቸው ወደ ሌላ ሰው ይሄዳሉ። የድሮ ስሜም ቀስ በቀስ ቀርቷል። ስተረጉም ደግሞ የተናገረውን ሰው መልሼ እጠይቃለሁ፤ «እንዲህ ነው ያሉት?» እላለሁ፤ ሰዎቹ ሲሰለቹ እንኳ። «አደራ» ያሉኝንም እተረጉማለሁ። በእንግሊዝኛ ቃል ቢጠፋለት በአራት ዓረፍተ ነገር እተረጉመዋለሁ።

ቡድኑ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሰ። የኦቦ ዲንሳ ግራ ዓይን ተሠራ። አዴ ጫልቱም ለቀኛቸው መጡ። እኔ ሌላ ክፍል ስለነበርኩ ፋሻቸው በተፈታ በማግስቱ ነው የደረስኩት። ግቢው ውስጥ፣ ጥላው ሥር፣ ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀምጠው የጋቢያቸውን ጥለት ክር በክር ያያሉ።

«አካም ቡልተን፣ አዴ ጫልቱ?» ብዬ እንዴት አደሩ አልኳቸው።

ቀና አሉ። ከእግሬ ጀምረው እስከ ፀጉሬ ቀስ ብለው አዩኝ። ከዚህ ቀደም አይተውኝ አያውቁም።

«አንቺ ነሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ ትልቅ ሴት ትመስዪኝ ነበር። ከድምፅሽ ታንሻለሽ።» ከዚያ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። «ነይ ተቀመጪ፣ ልይሽ።»

ተቀመጥኩ። አይተው እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው።